አጥንቱን ማን ወረወረው?

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይመጣብኛል። ማታ ነው። የግቢ መብራት በርቷል፤ ሲሚንቶ የፈሰሰበት በረንዳ አለ፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ከዚያ ጅብ ይገባል። ስልኩን የያዘው ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ «እዩት፣ እዩት፣ ግቢያችን ድረስ መጣ!» ይላል። ከሥር 3 ሺህ ሰው ወዶታል። ግማሹ «ወይ ጉድ!» ይላል፣ ግማሹ «ጀግና ነህ» ይላል፤ አንድ ሁለቱ ደግሞ «ይሄ ጅብ አይደለም፣ ቡዳ ነው» ሳይሉ አያልፉም።

እኔ ጅቡን ትቼ መሬቱን አያለሁ። ቪዲዮውን አቆምና በሁለት ጣቴ አጉልቼ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነገር እፈልጋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አገኘዋለሁ፤ ቅልጥም ነው፣ ወይ የዶሮ አንገት፣ ወይ ከፌስታል የተዘረገፈ የሉካንዳ ትርፍራፊ። «መጣ» የተባለው እንግዳ ተጠርቶ ነው የመጣው።

ይሄን ያወቅኩት መርማሪ ስለሆንኩ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ለአራት ወር ያህል፣ ያውም በፕሮግራም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ተናድጄ ነው፤ ከንዴቱ ግማሹ የሚገባው ለራሴ ነው።

ክርክሬን ከወዲሁ ልናገር፣ የሚቃወመኝ ከዚሁ ይዘጋጅ። በግቢያችን የሚያልፉትን የዱር እንስሳት ፎቶ ማንሳት መልካም ነገር ነው፤ ከዚህም በላይ ቢበዛ ደስ ይለኛል። ምግብ አስቀምጦ፣ ጠርቶ ማንሳት ግን ሌላ ሥራ ነው። ፎቶው ለአንሺው ይቀራል፣ ዕዳው ለጎረቤትና ለእንስሳው ይተላለፋል። «ግቢው የኔ፣ አጥንቱ የኔ፣ ስልኩ የኔ፤ አንተ ምን አገባህ?» የሚለኝ ሰው ስለ ግቢው ልክ ነው። ጅቡ ግን በአንድ ሌሊት የሚያልፈው በእሱ ግቢ ብቻ አይደለም።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ፣ ከእናቴ ጋር። የተማርኩት ምህንድስና፣ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ግቢያችን ትንሽ ናት፤ ኮባ አለ፣ ሁለት እግር ጌሾ አለ፣ አንድ ያረጀ ጽድ አለ። ከኋላ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ሥር የክረምት ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ወደ ጉድባው ያወጣል፣ ጉድባው ደግሞ ወደ ጫካው። ጅብ ሲጮህ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ አልተኛም ስል እናቴ «መጣልህ» ትለኛለች፣ እኔም ብርድ ልብሱ ውስጥ እገባለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ የማውቀው ጎረቤት ማለት ነው።

በጥቅምት 2016 ካሜራ ሠራሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ራስቤሪ ፓይ፣ አንድ በጨለማ የሚያይ ካሜራ፣ የሚንቀሳቀስ ሙቀት ሲያይ «አለ» የሚል ሴንሰር፣ የኢንፍራሬድ መብራት። ውሃ እንዳይገባበት አሮጌ የምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትኩትና ጽዱ ላይ አሰርኩት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የሚተካ ባትሪም አለው፤ እኛ ሰፈር ያለ እሱ አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ውጤት በታማኝነት ላቅርብ። ድመት፣ ድመት፣ የሌላ ሰው ድመት። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ለኪዳን ስትወጣ። ፀሐይ ያሞቀው የኮባ ቅጠል ነፋስ ሲያወዛውዘው፣ ይሄ ብቻውን ከ400 ጊዜ በላይ። አንዴ ሸለምጥማጥ፣ ቀለበት ቀለበት ያለውን ጅራቷን ዘርግታ በአጥሩ ጫፍ ላይ ስትሄድ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የጅብ የኋላ እግርና ግማሽ ጅራት። ካሜራው ከእንቅልፉ ነቅቶ የመጀመሪያውን ፎቶ እስኪያነሳ ሁለት ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ኮድ አድርጌ ጽፌው ኖሯል።

ያቺን ግማሽ ጅራት ለጠፍኳት። 19 ሰው ወደዳት፤ አራቱ ዘመዶቼ ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከረጢት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ አጥንቱ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሉካንዳው አጥንት ማግኘት ችግር የለውም፤ «ለውሻ ነው» ካልክ በነፃ ይሰጡሃል። ከካሜራው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ሌሊት መጣ። ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ አንገተ ወፍራም፣ ትልቅ ጅብ። ወንድ ይሁን ሴት ከፎቶው መለየት አይቻልም፤ የዚህ ዝርያ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ከውጭ ሲያዩዋትም ወንድ ትመስላለች። እኔ በልማድ «እሱ» እላለሁ።

ካሜራው እያንዳንዱን ሰዓት ይመዘግባል። ኅዳር ላይ የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ 7 ሰዓት ሆነ። በጥር 5 ሰዓት። በየካቲት መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ፣ እናቴ የቡናውን ሲኒ ሳታጥብ። ሰንጠረዡን ሠርቼ ግራፉን ሳይ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር፤ ቁልቁል የሚወርድ ንጹሕ መስመር። በሥራዬ እንዲህ ያለ መስመር ሲመጣ ሲስተሙ ተሻሻለ እንላለን። የተሻሻለው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። አንድ አውሬ ሰው ከተኛ በኋላ መምጣቱን ትቶ ሰው ሳይተኛ መምጣት እየተማረ ነበር፤ አስተማሪው እኔ ነኝ።

እናቴ ግራፍ አላስፈለጋትም። «አንተ ልጅ፣ አውሬ ነው እኮ። ዛሬ አጥንት ያበላኸው ነገ ምን ልትሰጠው ነው?» አለችኝ። «እማ፣ ሰው አይነካም» አልኳት። የተጠየቅኩት ስለ ሰው እንዳልነበር አሁን ይገባኛል።

በየካቲት አጋማሽ ነጭ መብራት ጨመርኩበት፤ ኢንፍራሬዱ የሚሰጠው ግራጫ ምስል አያምርም ነበርና። ዝነኛ ያደረገችኝ ፎቶ ያን ሰሞን የተነሳችው ናት። ጅቡ ቀና ብሎ ካሜራውን ያያል፤ ዓይኖቹ እንደ ሁለት ሻማ ይበራሉ፤ የተቀደደው ጆሮ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጀርባው የእናቴ የልብስ ገመድ አለ። አጥንቱን ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። በአንድ ሌሊት በሺዎች ተቀባበሏት። «የአዲስ አበባ ሌሊት» ብዬ ጻፍኩባት። ውሸት የለበትም፤ አጥንቱ ብቻ ነው የጎደለው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው። በቅበላው ሰሞን ሉካንዳው በአጥንት ተጥለቅልቆ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ሳልፍ በሩ ተዘግቷል፤ እስከ ፋሲካ። 55 ቀን። የኔ አጥንትም በዚያው ቆመ። በየግቢው የሚደፋው ትርፍራፊም ሽሮና ምስር ሆነ። እኔ ሌላ ፕሮጀክት ይዤ ስለነበር ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የሚገርመው፣ የሆነውን ነገር ሊነግረኝ የሚችል ጥናት ከ10 ዓመት በፊት ወጥቶ ነበር። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ፣ በትግራይ የጅብ እዳሪ ሰብስበው ውስጡ የተገኘውን ፀጉር አንድ በአንድ ለይተዋል፤ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜ፣ ከጾሙ በኋላ። ሰው ሥጋ ሲያቆም፣ ከየቤቱና ከየሉካንዳው የሚጣለው ሲቀንስ፣ በእዳሪው ውስጥ የአህያ ፀጉር ጨመረ። ጾሙ ሲፈታ መልሶ ቀነሰ። የኛን ጾም ጅቡም በራሱ መንገድ ይጾመዋል፤ ልዩነቱ እሱ ማካካሻ መፈለጉ ነው።

እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ተጨማሪ ነገር አድርጌያለሁ። አንድን የተወሰነ ጅብ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ወደ ተወሰነ ቦታ ለአራት ወር አስለምጄ፣ ከዓመቱ ሁሉ ምግብ በሚያጥርበት ሰሞን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አቋርጬበታለሁ። መዝገቡ ላይ አለ፤ በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ 12 ሌሊቶች በየቀኑ መጥቷል። መሬቱን ያሸታል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። በ13ኛው ሌሊት አልመጣም። በ13ኛው ሌሊት የጎረቤታችን በግ ተበላ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በጉን ለፋሲካ ብለው ቀደም አድርገው ገዝተው እያደለቡት ነበር፤ 11 ሺህ ብር። ጋጣው በቆርቆሮ የተሠራ፣ ከእኛ ቀዳዳ 20 እርምጃ የማይርቅ ነው። ለዓመታት በጉ እዚያ ያድራል፣ ጅቡም በጉድባው ያልፋል፣ ተነካክተው አያውቁም ነበር። ጠዋት ሄጄ «ጋሼ፣ አዝናለሁ» አልኳቸው። ፎቶዬን ልጃቸው አሳይቷቸው ኖሯል። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ ያጎረስከው አንተ፣ ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ» ብቻ አሉኝ።

ገንዘቡን ከፈልኩ፤ በሁለት ጊዜ። ተቀበሉኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ሰው መርዝ የተቀባ ሥጋ ጉድባው ውስጥ አስቀመጠ። ማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ ሰፈር እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ሁለት ውሾች ሞቱ፤ አንዷ የማንም ያልሆነች፣ ሁላችንም የምናበላት ውሻ ነበረች። ቁራዎች ሞቱ። አንድ ጥንብ አንሳም ሞቶ አገኘን፤ ከትንንሾቹ፣ ፊቱ ሮዝ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ የመሰለ ላባ ያለው። ይሄ ዓይነቱ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመድቧል፤ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱም ለጅብና ለውሻ ተብሎ የሚቀመጥ መርዝ ነው። ጆሮ ቀዳዳውን ጅብ አላገኘነውም። ካሜራዬም ከዚያ ወዲህ አላገኘውም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። ይሄን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር የሚመለሱልኝ መልሶች የታወቁ ናቸው።

«ሐረርስ?» ይሉኛል። ጅብ በተነሳ ቁጥር ሐረር ሳይጠራ አይቀርም። አዎ፣ የጀጎል ግንብ ጅብ ማታ ገብቶ የሚወጣባቸው ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት። አዎ፣ በአሹራ ለጅብ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ የማቅረብ ልማድ አለ። ከግንቡ ውጭ በየማታው ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል፤ ቱሪስትም ከፍሎ ያያል። ግን የሐረርን ነገር አስተውሎ ያየ ሰው ለኔ ዓይነቱ ጎረምሳ ጥብቅና አይቆምበትም። እዚያ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቦታው ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ የሚያበላው ሰው ይታወቃል፤ ነገ «ፕሮጀክት ቀይሬያለሁ» ብሎ አይቀርም። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ሥጋ መወርወሩን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱንም ነው። እኔ ከሐረር የወሰድኩት ፎቶውን ብቻ ነበር። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ግን ሳይጠይቅ ቁርበቱን ያነጠፍኩለት እኔ ነኝ፣ በሰው ግቢ አጠገብ።

«ቆሻሻችንን እየበላ አይደል እንዴ የሚኖረው? ያንተ አንድ አጥንት ምን ትለውጣለች?» ይሄኛው የተሻለ ክርክር ነው፤ ለጅቡ በጎ አሳቢ ከሆነ ሰው ስለሚመጣም ያስቸግራል። ጅብ ለከተማ የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው። በመቀሌ ዙሪያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚያህል የእንስሳት ጥንብና ትርፍራፊ እንደሚያጸዱ ገምቷል፤ በዚህም ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ሰውንም ከብትንም ይታደጋሉ። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ያ ሁሉ የተበተነ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ በሌሊት፣ በሰፊ አካባቢ። የኔ አጥንት ግን አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቤት ነው። ልዩነቱ ከመጠኑ ላይ አይደለም። ቋሚ ቀጠሮ ስትሰጠው መንገዱን ይቀይራል፤ መንገዱን ሲቀይር ከማን በግ አጠገብ እንደሚያልፍ አንተ አትመርጥለትም።

ለወፍ ጥሬ የሚበትኑትስ? እዚህ ላይ አክራሪ አይደለሁም። ለእርግብ ስንዴ የበተነ ሰው ሰፈር ሲያስመርዝ አላየሁም። ጭልፊት ከእጁ ላይ ሥጋ ሲነጥቅ በዝግታ የሚቀርጸው ጎረምሳ ግን ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ያቺ ጭልፊት ነገ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን የያዘውን ነገር ስትነጥቅ ጥፍሯ ከጣቱ ጋር ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ድንጋይ የሚወረወረው በእሷ ላይ ነው። የጉጉት ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ጉጉት የሚጠሩም አሉ። ምግብ የለበትም ይላሉ፤ ንጹሕ ነው ይላሉ። ወፏ እኮ የምትመጣው ሌላ ጉጉት ክልሏን ሊቀማት የመጣ መስሏት ነው። የሌለ ጠላት ስትፈልግ ታድራለች፣ አንተ 15 ሰከንድ ቪዲዮ ታገኛለህ።

«ያለ አጥንት ፎቶ አይገኝም።» የባለሙያዎቹ መልስ ይሄ ነው፤ ከሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የሚገኘውን ልንገራችሁ።

ካሜራውን ከመስከረም 2017 ጀምሮ መልሼ ሰቅያለሁ። አጥንት የለም፣ ነጭ መብራት የለም። ኢንፍራሬዱን ከ850 ወደ 940 ናኖሜትር ቀየርኩት፤ የመጀመሪያው ሲበራ ቀይ ፍም ይታይበታል፣ ሁለተኛው ለዓይን አይታይም፤ በዚህ ፈንታ ብርሃኑ ሩቅ አይደርስም፣ ምስሉም ደብዛዛ ነው። ካሜራውንም ከቀዳዳው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አደረግኩት። በ11 ወር ውስጥ ጅብ ስድስት ጊዜ አለፈ፣ ስድስቱም ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ። ጃርት ሐምሌ ላይ ሁለት ሌሊት መጣ፤ እሾሁን አጋድሞ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ። ሸለምጥማጧን 31 ጊዜ አግኝቻታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ የዶሮ ሌባ የሚላት ናት፤ በዘጠኙ ፎቶ አፏ ውስጥ አይጥ አለ። ዶሮ በአንዱም የለም። ልጠብቅላት ብዬ አይደለም፣ ዕድሉን ካገኘች ዶሮ እንደምትወስድ ማንም ያውቃል፤ ግን አጥንት አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ የማገኘው አጥንት የምትልስ ሸለምጥማጥ ነበር፤ ስለ አይጡ አላውቅም ነበር። የተጠራ እንስሳ የሚያሳይህ ያስቀመጥክለትን ነው።

በቀኑም ያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጣሪያ ለጣሪያ እየጮኸች የምትቀሰቅሰን፣ ረጅም ወደ ታች የጎበጠ ምንቃር ያላት ጠቆር ያለች ወፍ አለች፤ አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቃታል፣ ብዙው ስሟን አይጠይቅም። በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ወፍ የሚያዩ ፈረንጆች እሷን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍረው ይመጣሉ። የኛ ጌሾ ሥር ትል ስትለቅም 200 ፎቶ አንስቻታለሁ፤ ማንም አልጠራትም። ስለጠፍኳት 23 ሰው ወደዳት።

ከስድስቱ የጅብ ፎቶዎች አንዷ ብቻ ደህና ናት። ጅቡ ግማሽ አካሉ ቀዳዳው ውስጥ ነው፤ ራሱን ወደ ጎረቤት አዙሮ ያዳምጣል። ዓይኑ አይታይም። ደብዛዛ ናት፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ሩቧን ሸፍኖታል። አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ «ጥሩ ነበር፣ ግን ወደ ካሜራው ቢያይ» አለኝ። ምን ስላለ ወደ ካሜራው ያያል?

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ጨምሬ ላብቃ፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። በስልክ የተነሳ ፎቶ፣ የቦታ ማመልከቻው ካልጠፋ በቀር፣ የተነሳበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት በውስጡ ይዞ ይዞራል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት መረጃው ተራግፎ ይሄዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን አብሮ ይሄዳል። አይናቹራሊስትን የመሰሉ የተፈጥሮ መመዝገቢያዎች ቦታውን እንድታደበዝዙ ይፈቅዳሉ፤ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ደግሞ ራሳቸው ያደበዝዙታል፣ ነጥቡን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ ይበትኑታል። ይሄ ለቀልድ አልተሠራም። የኔን ዝነኛ ፎቶ ያየ ሰው የእናቴን የልብስ ገመድና ከጀርባ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ዓይቶ ጉድባውን በአምስት ደቂቃ ማግኘት ይችል ነበር። መርዙን ያስቀመጠው ሰው ፎቶዬን አይቶ ነው አልልም፤ የሰፈሩ ሰው ጉድባውን ያለኔም ያውቀዋል። ግን እንዳላየው ማረጋገጥም አልችልም፤ ፎቶዋን ያጠፋኋትም ለዚህ ነው። ዛሬም በሌላ ሰው ገጽ ላይ «የአዲስ አበባ ሌሊት» ተብላ ትዞራለች፤ ስሜም የለባትም።

የካሜራውን ኮድ የሚፈልግ ካለ እሰጣለሁ። ሁለት ነገር አውጥቼበታለሁ፤ ነጭ መብራቱን የሚያበራውን ክፍልና፣ እንስሳ ሲመጣ ወዲያው ስልክ ላይ የሚደውለውን። የኋለኛውን ያወጣሁት በራሴ ስለማላምን ነው፤ ስልኩ ሲጮህ እነሳለሁ፣ ስነሳ መስኮት እከፍታለሁ፣ መስኮት ስከፍት ይሄዳል። አሁን ጠዋት ከቡና በፊት ነው የማየው።

በዚህ ዓመት ለፋሲካ ጋሼ በግ አልገዙም፤ ዶሮ ይበቃል አሉ። በሰኔ አንድ ቅዳሜ አጥሩ ጋ ቆመው ጠሩኝ። ጋጣውን በድንጋይ እያስጠገኑ ነበር። እነዚያን ስድስት ሰዓቶች በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ነበርና በሩ ከምሽቱ ስንት ሰዓት መዘጋት እንዳለበት አሰሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «ያ ጆሮው የተቀደደውስ? መጣ?» አሉኝ።

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«እህ» አሉና ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።